የበግ ጠጕርና የበግ ውሻ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስሜን የሚሄድ መንገደኛ የወገራን ደጋ ተሻግሮ ዳባትን ካለፈ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች የብርድ ከተማ ናት። ከዚያም መንገዱ በሊማሊሞ ገደል ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ድብ ባሕር ይወርዳል። ይህን ጠመዝማዛ መንገድ የሠሩት ጣልያኖች ናቸው፤ ዘመኑም አገሪቱን ይዘው የቆዩበት፥ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓመተ ምሕረት ያለው ነው። በደባርቅ ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ድብ ባሕር ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ በትከሻው ላይ ይጥለዋል። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ኹለት አየር ስላለ የሰውም ልብስ ኹለት ዓይነት ነው፤ በቆላ ጥጥ ይበቅላል፥ በደጋ በግ ይረባል።

ክረምት ሊወጣ ሲል፥ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን፥ በደጋው ላይ ጉሙ ከጧት እስከ ማታ የማይገለጥበት ቀን ብዙ ነው። ገብሱ ገና አልደረሰም፥ የአምናው እህልም ከጎታው ታች ቀርቷል። እንጨት ጥቂት ስለ ኾነ ብዙ ጊዜ የሚነደው ኩበት ነው። በዚህ ወራት ከቤት የማይታጣ ሥራ ፈትል ነው።

የበግ ጠጕር ከበጉ ጀርባ ወርዶ በሰው ትከሻ ላይ እስኪወጣ ድረስ ብዙ እጅ ያልፍበታል። በመጀመሪያ በጉ ይሸለታል። ጠጕሩም ጭቃውና ቅባቱ እንዲለቅ ይታጠባል፥ በፀሓይም ይደርቃል። ከዚያ በኋላ በጣት ይፍታታል፥ በደጋንም ይነደፋል። ሴቲቱም ከንድፉ ጥቂት ጥቂት እየሳበች በእንዝርት ትፈትለዋለች። እንዝርት ቀጭን እንጨት ነው፤ በእርሱ ላይ የተሰካው ክብ ነገር ትንሽ ቢኾንም፥ አንድ ጊዜ የተሽከረከረው እንጨት ቶሎ እንዳይቆም ያደርገዋል። ክሩ በእንዝርቱ ላይ ተጠቅልሎ ሲሞላ ልቃቂት ይባላል። ቀለም መንከር አያስፈልግም፤ ነጩ፥ ጥቍሩና ዳለቻው በግ ቀለሙን ይዞ ተወልዷልና።

ሸማኔው በጉድጓድ ጫፍ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ያወርዳል። በእግሩ ሲረግጥ የድሩ እኩሌታ ይነሣል፥ እኩሌታውም ይወርዳል፤ በመካከል በተከፈተው ቦታ ማግ የያዘውን መወርወሪያ ያሳልፋል። እንደ ገና ሲረግጥ የተነሣው ይወርዳል፥ የወረደውም ይነሣል። እንዲህ እያለ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። የሚሠራው ስፋቱ ጠባብ ስለ ኾነ ባና የሚባለው የብርድ ልብስ የሚገኘው ቍራጮቹን ጐን ለጐን በመስፋት ነው። ጠጕር በውሃ ተነክሮ በእግር ሲረገጥ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቃል፤ ነፋስም ቶሎ አያልፈውም። የመንዝ ሰዎች በባናና በበርኖስ ሥራ ከኹሉ ይልቅ ስማቸው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ብርድ ባለበት ደጋ ኹሉ ይህ ጥበብ አለ። የጠጕር ልብስ የሚያሞቀው እሳት በውስጡ ኖሮ አይደለም። ጠጕሩ የተጠቀለለ ስለ ኾነ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ይህም አየር የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይከለክላል።

የጠጕር ቆብ ግን አሠራሩ ሌላ ነው። ባና ድርና ማግ ይፈልጋል፤ እንደ ሹራብ የሚሠራ ቆብ ግን አንድ ክር ብቻ ይበቃዋል፥ ቀለበት በቀለበት ውስጥ እየገባ ያድጋልና። ስለዚህ እረኛ በጎቹን እያየ በሜዳ ሊሠራው ይችላል። አንድ ቀለበት ቢያመልጠው ግን የሠራው ይተረተራል፤ ጸጥታ የሌለው ልጅ ይህን ሥራ አይወደውም።

ሰውን ከብርድ የሚያድን ሠራተኛ ሊከበር ይገባው ነበር። በኢትዮጵያ ግን ለብዙ ዘመን ሸማኔውን፥ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን መስደብ ልማድ ኾኖ ኖረ። የሸማኔውን ልብስ ለብሶ ሸማኔውን መናቅ እንግዳ ነገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ልማድ ግን በአንድ ዐዋጅ አይነቀልም። በወገራና በስሜን በዚህ ሥራ ይኖሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ከቤተ እስራኤልም ብዙ ሰዎች በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፥ ሌሎችም በ1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ።

የበግ ነገር ሲነሣ ውሻ አይቀርም። በጉም ውስጥ ያለ እረኛ አሥር ክንድ ርቆ የቆመውን በግ አያይም፤ ውሻው ግን በአፍንጫውና በጆሮው ያያል። ጅብና ቀበሮ ሲቀርቡ አስቀድሞ የሚያውቅ እርሱ ነው። በመጽሐፈ ጦቢትም ጦብያ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው ከእርሱ ጋር እንደ ሄደ ተጽፏል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በጎቹን ሲጠብቅ ውሎ ማታ በፍርፋሪ ፈንታ ዱላ የሚያገኝ ውሻ ጥቂት አይደለም። ይህ ነውር ነው።

ከደባርቅ በላይ ባለች አንዲት መንደር የሚኖር የ11 ዓመት ልጅ መቻል የሚባል ውሻ ነበረው። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቀን ባለቤት የሌለው ውሻ ከጉሙ ውስጥ ወጣ፤ ለሃጩ ይዝረበረብ ነበር፥ ሲሄድም ይንገዳገድ ነበር። ወደ በጎቹ ሲመጣ መቻል ገጠመውና ተናከሱ። ልጁም ሊገላግል ገብቶ ቀኝ እጁን ተነከሰ። ያ ውሻ ተመልሶ በጉሙ ውስጥ ጠፋ። ቍስሏ ትንሽ ነበረች፥ ከእሾህ ጭረት አትበልጥም። ልጁ ግን «ብናገር መቻልን ይገድሉብኛል» ብሎ እጁን በጋቢው ውስጥ ሸሸገና ዝም አለ።

በዚያው ማታ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ፈትል ሊወስድ ወደ ቤታቸው መጣ። እናቲቱም ልቃቂቱን ለልጁ ሰጥታ «ለአባ አቀብላቸው» አለችው። ልጁ በግራ እጁ አቀበለ። ለሽማግሌ በግራ እጅ መስጠት ነውር ነው፥ ይህ ልጅ ደግሞ ጨዋ ነበረ። ሸማኔው ፈትሉን ሳይቀበል አየውና፦

«ልጄ፥ ቀኝህ ምን ኾነች?» አለው።

«እሾህ ነው፥ አባ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

የቀጭን ክር መሳሳት በጣቱ የሚያውቅ ሰው የጥርስን ምልክት ከእሾህ መለየት አላቃተውም። ልጁም አለቀሰና ኹሉን ተናገረ። እናቲቱ ደንግጣ «ነገ ጠበል እወስደዋለሁ» አለች። ሸማኔውም፦ «እኅቴ፥ ጠበሉንም ይጠመቅ፥ አልከለክልም። ዛሬ ግን ሳሙናና ውሃ አምጪ፤ ነገም ጎሕ ሲቀድ ወደ ሐኪም እንሂድ። ወንድሜ የሞተብኝ እንዲህ ኾኖ ነው፤ የሞተውም ቍስሉ ከዳነ ከኹለት ወር በኋላ ነው» አላት።

ቍስሉን በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል ውሃ እያፈሰሱ አጠቡት። በማግስቱም በዝናም ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ ልጁም ተከተበ፥ በታዘዘለትም ቀን ኹሉ ተመላለሰ።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚገባው በለሃጭ ነው። ከቍስሉ ተነሥቶ በጅማት በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጅበታል። ሰውን የሚያድነው ይህ መዘግየቱ ነው፥ ክትባቱ ቀድሞ ሊደርስ ይችላልና። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። ሉዊ ፓስተር የሚባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1877 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰ ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ አዳነ። ከዚያ በፊት እንዲህ ላለ ልጅ እናቱ ከማልቀስ በቀር ምንም ልታደርግለት አትችልም ነበር።

የመቻል ነገር ግን አልተቃናም። በሚያዝያ የውሻ ከታቢዎች በመጡ ጊዜ የመንደሩ ሰው ኹሉ ተጠርቶ ነበር፤ የልጁ አባት ግን «ውሻ ስጐትት ቀን አላጠፋም» ብሎ ቀረ። ያልተከተበ ውሻ በእብድ ውሻ ከተነከሰ መንደሩ ኹሉ በአደጋ ላይ ነው። ስለዚህ መቻልን አስረው ገደሉት። ልጁ በዚያ ቀን በግ አላወጣም፤ አባቱም «ለምን?» ብሎ አልጠየቀውም።

ይህ በሽታ በመንደር ብቻ አይቀርም። በስሜን ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኝም፥ ቍጥሩም ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል። ምግቡ አብዛኛው አይጥ ነው። ከእረኛ ጋር የወጣ የታመመ ውሻ ቢነክሰው በሽታው በመንጋው ውስጥ ይሰራጫል። በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. ገደማ በዚህ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎች አልቀዋል። ስለዚህ የአንድ መንደር ውሾች ሲከተቡ የሚጠበቀው ሰውና በግ ብቻ አይደለም።

መስቀል ካለፈ በኋላ የሸማኔው ውሻ ከወለደቻቸው አንዱን ቡችላ ሽማግሌው ለልጁ ሰጠው፤ ከፍየል ጠጕር የገመደውንም ገመድ ጨመረለት። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ገብሱ ለአጨዳ ደርሶ ነበር፥ በሜዳውም ላይ ውርጭ ነበረ። በደባርቅ ለውሾች ክትባት የሚሰጥበት ቀን በተነገረ ጊዜ የልጁ አባት ማጭዱን በቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቀለ። ልጁ ቡችላውን በጋቢው ውስጥ አቀፈው፥ አባቱም የገመዱን ጫፍ ያዘ፤ ሦስቱም ገና ሳይነጋ መንገድ ገቡ።