ከቆዳ ሥር የሚቀበር መድኃኒት

እንደሚታወቀው ሆርሞን ማለት በሰውነታችን ያሉ ልዩ ልዩ ዕጢዎች እያመነጩ በደም አማካይነት ወደ ሌሎች ብልቶች የሚልኩት ንጥረ ነገር ነው። መጠኑ እጅግ ጥቂት፣ ሥራው ግን ታላቅ ነው። አንድ ዕጢ በበሽታ ቢጠፋ ወይም በቀዶ ጥገና ቢወጣ ሐኪሙ የጐደለውን ከውጭ መተካት ይኖርበታል። ነገር ግን በምን መንገድ? ዕጢ የሚሠራው ሌት ተቀን ነው። ቴስቶስቴሮንን የመሰለው ሆርሞን እንዲሁ ቢዋጥ ጕበት አብዛኛውን ያጠፋዋል፤ በመርፌ ቢሰጥም በየጊዜው መወጋትን ይጠይቃል።

ይህን ችግር ለማቃለል በ1937 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር ሩት ዲንስሊና አለን ፓርክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሆርሞኑን እንደ እንክብል አጠጥረው በእንስሳት ቆዳ ሥር ቀበሩት፤ ውጤቱም ለረጅም ጊዜ ቆየ። በ1938 ደግሞ ቢሾፕ የተባለ ሐኪም እንዲህ ያለውን እንክብል የእንቍላል ዕጢዎቿ ለወጡባት ሴት ሰጠ።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? አሞሌ ጨውና የተፈጨ ጨው በእኩል ሚዛን ወስደን ውሃ ውስጥ ብንጨምር አሞሌው ዘግይቶ ይሟሟል፤ ውሃው የሚያገኘው የውጭ ገጹን ብቻ ነውና። እንክብሉም እንዲሁ ነው። በየቀኑ የሚሟሟውን መጠን የሚወስነው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ገጹ ጭምር ነው። ስለዚህ ቅርጻቸው አንድ ዓይነት ቢሆን፣ ሁለት ባለ 100 ሚሊግራም እንክብሎች ከአንድ ባለ 200 ሚሊግራም እንክብል 26 በመቶ የሚበልጥ ገጽ አላቸው። ይህን አንባቢ ራሱ አስልቶ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ይሁን እንጂ የዚህ ዘዴ ጥቅምና ጕዳት ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ ይኸውም እንክብሉ አንዴ ከተቀበረ በኋላ የሰው ትእዛዝ ሳይጠብቅ መሥራቱ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የአዲሰን በሽታ ነው። በዚህ በሽታ ከኵላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ስለሚጠፉ ሰውነት ጨውን መያዝ ያቅተዋል፤ የደም ግፊትም ይወድቃል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ጆርጅ ቶርን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ጨው የሚያስይዘውን ሆርሞን በእንክብል መስጠት ጀመረ። ሊሞቱ የነበሩ ብዙዎች ዳኑ። መጠኑ የበዛባቸው ግን ሰውነታቸው አበጠ፣ የደም ግፊታቸው ጨመረ፣ ልባቸውም ደከመ። የሚዋጥ ክኒን ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ ማቆም ይቻል ነበር፤ የተቀበረውን ለማውጣት ግን እንደ ገና ቆዳን መቅደድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አስቀድሞ በመርፌ የበሽተኛውን የዕለት ፍላጎት መለካት፣ ከዚያም የእንክብሉን ቍጥር መወሰን ደንብ ሆነ።

ዛሬ የአዲሰን በሽተኞች በሚዋጥ ክኒን ይታከማሉ። ባለ 75 ሚሊግራም የቴስቶስቴሮን እንክብል ግን ሆርሞኑ ለጐደላቸው ወንዶች በአሜሪካ አሁንም ይሰጣል፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወርም ይሠራል። ማኅፀን ላላት ሴት ኤስትሮጅን ብቻውን በእንክብል ቢሰጣት የማኅፀኗን ውስጠኛ ሽፋን ለነቀርሳ ሊያጋልጥ ስለሚችል፣ ፕሮጄስትሮንን የመሰለ ሌላ ሆርሞን ይጨመርላታል።

እንግዲህ እንክብሉን የወጣትነት መመለሻ አድርጎ የሚያወድስ ሰው ቢያጋጥመን፣ «ጕድለቱ በደም ምርመራ ተለክቷልን? ቢበዛስ በምን ይመለሳል?» ብለን እንጠይቀው። መልስ ከሌለው መድኃኒቱ ከቆዳ ሥር ባይገባ ይሻላል።