ሥራ ፈላጊ ልጅ ላላቸው ወላጆች

«እችላለሁ» የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ ያስተማረው የሥነ ልቦና ምሁር አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳስረዳው፣ «ይህን እችላለሁ» የሚለው እምነት አራት ምንጭ አለው፦ ራስ ሠርቶ ማየት፣ የቢጤን ስኬት ማየት፣ ከሚታመን ሰው የሚሰማ ማበረታቻ፣ እንዲሁም የስሜትና የሰውነት ሁኔታ። ጠንካራው የመጀመሪያው ነው። የመውጫ ፈተናውን አልፎ የተመረቀ ልጅ ትምህርቱን ያውቃል፤ የማያውቀው መሥሪያ ቤት ገብቶ መጠየቅና ስለ ራሱ መናገር ግን ሌላ ሙያ ነው፣ ሳይሞክሩት አይለመድም።

ወላጅ በምን ይግባ?

የታክሲ ገንዘብና ጸሎት ብዙ ቤት አይጠፋም፤ ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው። «የቢሮ ሥራ አላውቅ፣ ምን እረዳታለሁ?» የምትል ጉሊት ነጋዴ እናት ግን ያላትን አሳንሳ አይታለች። ጉሊት ስትጀምር ቦታውን ማን እንዳሳያት፣ ዕቃውን በዱቤ ለማግኘት ማንን እንደለመነች፣ እምቢ ሲሏት ምን እንዳደረገች ለልጇ ትንገራት። ይህ ራሱ የሥራ ፍለጋ ትምህርት ነው።

ማታ ከእራት በኋላም ቃለ መጠይቅ ይለማመዱ፦ ልጅቷ በር አንኳኩታ ትግባ፤ እናት እንደ ጠያቂ ተቀምጣ «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪኝ» ትበላት። መጀመሪያ መሳሳቅ ይኖራል። ልጅቷ ስሟንና የተመረቀችበትን ተናግራ ዝም ትላለች። ያኔ «ኢንተርንሺፕ የወጣሽበት ቦታ ምን ሠራሽ?» ሲባል ወሬው ይከፈታል፦ መዝገብ አስተካክላለች፣ ባለጉዳይ አስተናግዳለች። በማግሥቱ ይህን ሲቪዋ ላይ ትጨምረው።

ልብ የሚሰብረው

«የእገሌ ልጅ ባንክ ገባ» የሚለው ንግግር ይጎዳል። የቢጤ ስኬት ብርታት የሚሆነው መንገዱ ሲታይ ነው፤ ያ ልጅ ቡና ይጠራና እንዴት እንዳመለከተ፣ ምን እንደተጠየቀ ያጫውታት።

ዘመድ ማነጋገርም ነውር የለውም፤ ሥራ ብዙ ጊዜ በሰው በኩል ይሰማል። ሆኖም አባት ሁሉን ጨርሶ «ነገ ሂጂ፣ ይቀጥሩሻል» ካላት፣ ሥራው ቢገኝም ልጅቷ ራሷ የሞከረችው የለም። የዘመዱን ስልክ ቁጥር ይስጣት፣ «ጋሼ ይጠብቁሻል፣ ደውይላቸው» ይበላት፤ ንግግሩ የእሷ ይሁን።

ደክሟት ስትመለስ ደግሞ «ተገኘ?» የሚለው ጥያቄ ይቅር። «ማን ጋ ሄድሽ? ምን አሉሽ?» ቢባል፣ ሥራ ባይገኝም የምትመልሰው አላት።