አመዛዛኝ ድርሰት፦ ሁለት ሥራ በአንድ ኮር ላይ

አመዛዛኝ ድርሰት የአንድን ነገር ጥቅምና ጉዳት በማስረጃ መዝኖ ፍርድ የሚሰጥ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ጸሐፊው ከሁሉ አስቀድሞ ክርክሩ የቆመበትን ቃል ትርጉም መወሰን ይገባዋል። ቃሉ ሳይፈታ የተጀመረ ክርክር መቋጫ የለውም። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ቃሉ የተፈታው በየትኛው አንቀጽ፣ ፍርዱም የተሰጠው በየትኛው እንደ ሆነ አስተውሉ።

ምንባብ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አበው። እ.ኤ.አ. በ1999 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ የተጀመረው ሴቲ አት ሆም የተባለ ጥናት ይህንኑ በተግባር አሳይቷል። ከሕዋ በሚመጡ የሬዲዮ ሞገዶች ውስጥ ከምድር ውጭ ያለ አስተዋይ ፍጡር ምልክት ይገኝ እንደ ሆነ ለመመርመር፣ ስሌቱ ተቆራርጦ በየቤቱ ላሉ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒዩተሮች ይታደል ነበር። እደላው እ.ኤ.አ. በ2020 ቢቆምም፣ የፕሮቲኖችን አስተጣጠፍ እንደሚያጠናው እንደ ፎልዲንግ አት ሆም ያሉ ጥናቶች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። የኤሌክትሪኩን ዋጋ የሚከፍለው ግን በጎ ፈቃደኛው ራሱ ነው። ስለዚህ ሃይፐርትሬዲንግ ለእርሱ ይበጃልን? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2002 ለገበያ ያቀረበው ይህ ዘዴ አንዱ የፕሮሰሰር ኮር እንደ ሁለት ሆኖ እንዲሠራ ያደርገዋል። አንዱ ሥራ ከሜሞሪ መረጃ እስኪመጣለት ሲጠብቅ፣ ሌላው ሥራ ፈቶ በተቀመጠው የስሌት ክፍል ይጠቀማል። ነገሩ በአንድ መጋዝና በአንድ መላጊያ እንደሚሠሩ ሁለት አናጢዎች ነው። አንዱ ሲልግ ሌላው ይቆርጣል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መጋዙን ቢሹ ግን አንደኛው ቆሞ ይጠብቃል።

አንዳንዶች «ሃይፐርትሬዲንግ ሥራን ያዘገያል» ይላሉ። ሌሎች «ውጤትን ይጨምራል» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል፤ ያለያያቸው «ቅልጥፍና» የሚለው ቃል ነው። አንድ ሥራ ብቻውን በ60 ደቂቃ ያልቃል እንበል። ሁለት ሥራዎች ኮሩን ተጋርተው በ100 ደቂቃ ቢጨርሱ፣ እያንዳንዱ ሥራ በእርግጥ ዘግይቷል። ይሁን እንጂ በ300 ደቂቃ ውስጥ በፊተኛው መንገድ 5፣ በኋለኛው 6 ሥራዎች ይጠናቀቃሉ። ኮምፒዩተሩ በፊተኛው መንገድ 100 ዋት፣ በኋለኛው 110 ዋት ቢፈጅ፣ ለአንድ ሥራ የሚወጣው ኃይል ከ100 ዋት ሰዓት ወደ 92 ገደማ ይወርዳል። በአንጻሩ፣ ካሽ የተባለው የጋራ ፈጣን ማከማቻ ጠብቧቸው ሁለቱ ሥራዎች 130 ደቂቃ ቢፈጁ፣ ትርፉ ወደ ኪሳራ ይለወጣል።

እንግዲህ በጎ ፈቃደኛው መመዘን ያለበት የአንዱን ሥራ ፍጥነት ሳይሆን፣ በወጣው ኃይል ልክ የተጠናቀቀውን የሥራ ብዛት ነው። ተመሳሳይ ሥራዎችን በሁለቱም መንገድ አሠርቶ ጊዜውንና ኃይሉን ይለካ። ሥራዎቹ የማስረከቢያ ቀን ስላላቸውም መዘግየቱ ከቀኑ እንዳያሳልፋቸው ይጠንቀቅ። ሃይፐርትሬዲንግ የሚበጀው ልኬቱ ሲመሰክርለት ነው።

ማስተዋያ

«ቢጨርሱ»፣ «ቢፈጅ» የሚሉት ግሦች «ቢ» በሚለው መነሻቸው ግምትን እንጂ የተለካን ነገር አያመለክቱም። ግምትን እንደ ተረጋገጠ ነገር አድርጎ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው።

መልመጃ

1. «ይሁን እንጂ»፣ «በአንጻሩ» እና «እንግዲህ» በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን አገልግሎት ግለጹ።
2. የኢንቴል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2002 ትርፉ «እስከ 30 በመቶ» ሊደርስ እንደሚችል ጽፈው ነበር። «እስከ» የሚለው ቃል ቢወጣ የዐረፍተ ነገሩ ትርጉም እንዴት ይለወጣል?
3. «ፈጣን ሠራተኛ ሁሉ ጥሩ ሠራተኛ ነውን?» በሚል ርእስ ሦስት አንቀጽ ያለው አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ «ጥሩ» የሚለውን ቃል ፍቱ።