«ጎመን በጤና»፦ የጓሮ አትክልት የሚተካውና የማይተካው

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ ያለ ኬሚካል ግብዓት በቤት ግቢ የሚለማ አትክልት ለከተማ ቤተሰብ የሚሰጠውን ጥቅምና የጥቅሙን ወሰን ይመረምራል። ትኩረቱ አዲስ አበባ ነው። የተመሠረተውም በታተሙ ጥናቶችና በአፈርና ሰብል ሳይንስ መሠረታዊ ዕውቀት ላይ እንጂ በአዲስ የመስክ ሙከራ ላይ አይደለም። ጽሑፉ ትንሽ ጓሮ የገበያውን አትክልት በሙሉ ሊተካ እንደማይችል፣ ቅጠላ ቅጠልን ካስቀደመ ግን አነስተኛ ምርቱ ከፍ ያለ የጤና ፋይዳ ሊኖረው እንደሚችል ይከራከራል። ለዚህም የጓሮው አፈር፣ ውኃና ፍግ ንጹሕ መሆናቸው ቅድመ ሁኔታ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የጓሮ አትክልት፣ ኮምፖስት፣ ፀረ ተባይ፣ ከባድ ብረቶች፣ አዲስ አበባ

1. መግቢያ

«ጎመን በጤና» የሚለው አባባል ጎመንን የዝቅተኛ ኑሮ ምሳሌ፣ ጤናን ደግሞ ከድሎት የሚበልጥ ሀብት አድርጎ ያቀርባል። አባባሉ ሲፈጠር ጎመኑ ራሱ ጤናን ሊያጓድል ይችላል የሚል ጥርጣሬ አልነበረም። ዛሬ ግን ጥርጣሬው አለ፤ መሠረት የለሽም አይደለም። የትልቁና የትንሹ አቃቂ ወንዞች ከፋብሪካ፣ ከጋራዥና ከመኖሪያ ቤት የሚወጣ ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። በዳርቻቸው ደግሞ ለከተማዋ ገበያ የሚቀርብ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በዚያው ውኃ ይለማል። ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በአዲስ አበባ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ አንዳንድ ብረቶች ከሚፈቀደው መጠን በላይ መገኘታቸውን፣ ጥቅል ጎመንም ከሰላጣና ከቆስጣ ያነሰ ብረት ማከማቸቱን አሳይተዋል።

ወንዙን የበከለው አትክልት አምራቹ አይደለም፤ እርሱም ከተጎጂዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ሸማቹ በሚገዛው እስር ጎመን ላይ የመጣበትን ማሳ፣ የጠጣውን ውኃ ወይም የተረጨበትን ቀን የሚናገር ምልክት አያገኝም። ብዙዎች ወደ ጓሮ አትክልት የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጓሮው በእርግጥ ምን ሊተካ ይችላል? የሚለው ጥያቄ ከስሜት ይልቅ በስሌት ሊመለስ ይገባዋል።

2. ችግሩ በቅጠል ላይ የሚበረታበት ምክንያት

በአጠቃላይ ሲታይ ቅጠላ ቅጠሎች እንደ ቲማቲምና ቃሪያ ካሉ ፍሬያማ አትክልቶች ይልቅ ከባድ ብረቶችን ያከማቻሉ። ካድሚየም በሥር ገብቶ በቀላሉ ወደ ቅጠል ይወጣል። እርሳስ ግን በአመዛኙ ከአፈር ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ወደ ምግባችን የሚደርሰው በተለይ በቅጠሉ ላይ ከሚያርፈው አቧራና ጭቃ ጋር ነው። ስለዚህ ማጠብ ከላይ ያረፈውን ይቀንሳል፤ በቅጠሉ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ የገባውን ግን አያወጣም።

ሁለተኛው ምክንያት የአሰባሰቡ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ፀረ ተባይ ከመጨረሻው ርጭት እስከ መከር ሊጠበቅ የሚገባው የቀናት ብዛት አለው። ጥቅል ጎመን አንድ ጊዜ ስለሚቆረጥ ይህን መጠበቅ ይቻላል። የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ግን ከአንድ ተክል በየጥቂት ቀኑ ይቀነጠባሉ። አምራቹ ሰባት ቀን መጠበቅ የሚያስፈልገውን መድኃኒት ረጭቶ በአራተኛው ቀን ለገበያ ከቀነጠበ፣ ሕጉን የጣሰው ባለማወቅ ብቻ ሳይሆን የሰብሉ ጠባይና የገበያው ጥድፊያ ስለሚገፉትም ነው። ሰላጣ ሳይበስል መበላቱ ደግሞ ሥጋቱን ያከብደዋል።

3. የጓሮው ስሌት

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። ለአምስት ሰው ቤተሰብ ይህ በቀን 2 ኪሎ ግራም ነው። ቤተሰቡ 10 ካሬ ሜትር መደብ ቢኖረውና በ90 ቀን ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 3 ኪሎ ግራም ቅጠል ቢሰበስብ ብለን እንነሣ። ጠቅላላ ምርቱ 30 ኪሎ ግራም፣ በቀን ሲካፈል 333 ግራም፣ ለአንድ ሰው ደግሞ ወደ 67 ግራም ይሆናል። ይህም ከሚመከረው መጠን አንድ ስድስተኛ ነው።

ስሌቱ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ጓሮ ቤተሰቡን ከገበያ ነጻ አያወጣውም። ሁለተኛ፣ ያ አንድ ስድስተኛ በምን ሰብል እንደሚሞላ ወሳኝ ነው። መደቡን በሽንኩርት ወይም በድንች የሞላ ቤተሰብ ከገበያ በርካሽ የሚያገኘውን ያመርታል። በቆስጣ፣ በሰላጣና በሐበሻ ጎመን የሞላው ግን ሥጋት የሚበዛበትን የገበታውን ክፍል በራሱ ቁጥጥር ሥር ያደርጋል።

4. ያለ ኬሚካል ማልማት

የተክል ሥር ናይትሮጅንን በአብዛኛው በናይትሬትና በአሞኒየም መልክ ይወስዳል፤ ከዩሪያ ይምጣ ከፍግ አይለይም። ልዩነቱ ያለው አፈሩ ላይ ነው። ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ ይሰጣል። ኮምፖስት ንጥረ ነገሮችን ቀስ በቀስ ከመልቀቁም በላይ የአፈሩን ውኃ የመያዝ አቅምና የደቂቅ አካላቱን ሕይወት ያሳድጋል። በደቡብ ኢትዮጵያ የእንሰት ጓሮዎች ፍግና የቤት ውዳቂ በቤቱ ዙሪያ እየተመለሰ ለምነት የተጠበቀው በዚሁ መንገድ ነው። በተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር (ዶ/ር) አነሣሽነት እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ የተጀመረው ሥራም በኮምፖስት የሚገኝ የእህል ምርት በኬሚካል ማዳበሪያ ከሚገኘው ጋር ሊስተካከል፣ አንዳንዴም ሊበልጥ እንደሚችል በገበሬዎች ማሳ ላይ አሳይቷል።

በኮምፖስት ዝግጅት የካርቦንና የናይትሮጅን ምጥጥን ከ25 እስከ 30 ለ1 ቢሆን ይመረጣል። ደረቅ ቅጠልና ገለባ ካርቦንን፣ የአትክልት ልጣጭና ፍግ ናይትሮጅንን ያመጣሉ። ክምሩ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለተከታታይ ቀናት ሲግልና ዳሩ ወደ መሐል እየተገለበጠ ሲደርሰው አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንና የአረም ዘሮች ይሞታሉ። ያልተብላላ ፍግ ግን የአንጀት በሽታ አምጪዎችን ሊይዝ ስለሚችል፣ አፈር በሚነካ ቅጠል ላይ ከመከር በፊት ቢያንስ 120 ቀን ካልቀደመ ባይጨመር ይመረጣል። አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም ይሰጣል፤ ናይትሮጅን ግን የለውም፤ ሲበዛም አፈሩን አልካላይን ያደርገዋል።

ስለ ተባይ፣ ዳይመንድባክ የተባለው የጎመን የእሳት ራት ታሪክ አስተማሪ ነው። ይህ ተባይ ዲዲቲን መቋቋሙ በጃቫ እ.ኤ.አ. በ1953 ተመዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ዓይነት ፀረ ተባዮችን ተላምዷል። መደጋገም የተላመደውን ተባይ ሲያተርፍ የተባዩን ጠላቶች ይፈጃል። በትንሽ ጓሮ አባጨጓሬን በእጅ መልቀም፣ ክሽክሽን በውኃ ማጠብ፣ ሰብልን ማፈራረቅና መደቡን በስስ መረብ መሸፈን ይቻላል። ሆኖም «ተፈጥሯዊ» ማለት «የማይጎዳ» ማለት አይደለም። አንዳንዶች የሚረጩት የትምባሆ ቅጠል ውኃ ኒኮቲን የተባለ ብርቱ መርዝ ይዟል።

5. የጓሮው ንጽሕና

የኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ምርቱን በኦርጋኒክ ስም የሚያቀርብ አምራችን በሥርዓት ይመራል። ለቤቱ የሚያመርት ሰው ግን ምስክር ወረቀትም ተቆጣጣሪም የለውም፤ ተቆጣጣሪው ራሱ ነው። ኬሚካል ያልተረጨበት ጓሮ የቀድሞ ጋራዥ ወይም የባትሪ መጣያ ከነበረ፣ የተላጠ አሮጌ ቀለም ከወደቀበት፣ ወይም ከወንዝ በተቀዳ ውኃ ከጠጣ፣ ቅጠሉ ከገበያው ላይሻል ይችላል። የፀረ ተባይ ዕቃን አጥቦ ለውኃ መጠቀምም ፈጽሞ አይገባም። የቦታው ታሪክ የሚያጠራጥር ከሆነ ከሌላ ስፍራ በመጣ ንጹሕ አፈር ከፍ ያለ መደብ መሥራት ይበጃል። የአፈርን አሲዳማነት መቀነስና ኮምፖስት መጨመር ተክሉ የሚወስደውን እርሳስ ይቀንሳሉ፤ ብረቱን ግን ከአፈሩ አያስወግዱም።

6. ማጠቃለያ

ስሪ ላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያና ፀረ ተባይ እንዳይገባ በድንገት ከልክላ፣ የሩዝና የሻይ ልማቷ ስለተጎዳ በዚያው ዓመት ክልከላውን ለማንሣት ተገዳለች። ለ10 ካሬ ሜትር የሚሠራው ለአገር ማሳ ሁሉ ያለ ዝግጅት አይሠራም። የጓሮ አትክልት ጥቅም ውሱን ቢሆንም እውነተኛ ነው፤ ቅጠላ ቅጠል ካስቀደመና ንጽሕናው ከተጠበቀ ቤተሰቡ በየቀኑ ከሚመገበው ጥቂቱን በሙሉ እምነት እንዲበላ ያደርጋል።

ሆኖም ግቢ የሌለው ተከራይ፣ በረንዳው ሁለት ባልዲ ብቻ የሚይዝ የኮንዶሚኒየም ነዋሪና የዕለት ጉርሱን ከገበያ የሚገዛ ድኻ ይህን ምርጫ አያገኙም። ስለዚህ ጓሮ የማልማት ምክር የአቃቂን ውኃ የማጽዳትንና የፀረ ተባይ ሽያጭን የመቆጣጠርን ኃላፊነት የሚያስረሳ ሊሆን አይገባም። ጓሮ ያለው ጎመኑን በጤና ሲበላ፣ የሌለውም እንዲሁ መብላት አለበት። ቀጣይ ምርምርም በወንዝ ዳር ማሳዎችና በከተማ ጓሮዎች የሚለሙ ተመሳሳይ ቅጠሎችን ጎን ለጎን ቢለካ፣ ለምክሩም ለፖሊሲውም ጽኑ መሠረት ይጥላል።