ሁለት አምፖሎች ለምን ጥቁር መስመር አይፈጥሩም?

ጥያቄ፦ ብርሃን ሞገድ ከሆነ፣ ሁለት አምፖሎች ሳበራ ግድግዳው ላይ ጥቁር መስመር የማላየው ለምንድን ነው?

መልስ፦ መስመሮቹ አሉ፤ ግን አይረጉም። የአንዱ ሞገድ ጫፍ ከሌላው ጫፍ ሲገጥም ብርሃኑ ይጠነክራል፤ ከስርጉዱ ሲገጥም ይጠፋፋሉ። በአምፖል ውስጥ ግን ስፍር ቁጥር የሌላቸው አተሞች ያለ ስምምነት ስለሚያበሩ፣ ግጥሚያው ከሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ይቀያየራል። ዓይናችን የሚያየው አማካዩን ብቻ ነው።

መስመሮቹ ረግተው እንዲታዩ፣ ሳይንቲስቱ ቶማስ ያንግ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የአንዱን ምንጭ ብርሃን ለሁለት ከፈለው። ድንቅ ብልሃት ነው! ምንጩ ቢለዋወጥም ሁለቱ ክፋዮች እኩል ስለሚለዋወጡ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጸንቶ ይቆያል። ፊዚክስ ቅንጅት የሚለው ይህንን ነው፤ ሌዘር ደግሞ ከምንጩ የተቀናጀ ነው። በሌዘር ጠቋሚ ፊት አንድ ዘለላ ፀጉር ይወጥሩ፤ ግድግዳው ላይ ብርሃንና ጨለማ ሲፈራረቁ ያያሉ። ጨረሩን ግን ከዓይን ያርቁ።