የሁለት ወንድማማች ጥርስ

በጨፋ ሮቢት፣ በቦርከና ወንዝ አገር፣ ሁለት ወንድማማች ይኖሩ ነበር። ከአንድ ገበታ ይበላሉ፤ የአንዲት ላም ወተት ይጠጣሉ፤ ጥርሳቸውንም በመፋቂያ ይፍቃሉ። ነገር ግን የታላቁ ጥርስ ደኅና ሲሆን የታናሹ መንጋጋ ነቅዞ ሌሊት ያስለቅሰው ነበር። የቤት ሰዎችም «ይህ ልጅ ስኳር እየሰረቀ ይበላል» ይሉት ነበር። እርሱ ግን አልሰረቀም።

እናቱ ወደ ሐኪም ወሰደችው። ሐኪሙም አፉን ካየ በኋላ «የእርስዎስ መንጋጋ ደኅና ነውን?» ብሎ ጠየቃት። እርስዋም አፍዋን ከፍታ በልጅነትዋ የተነቀሉትን የሁለት ጥርሶች ስፍራ አሳየችው።

ጥርስን የሚበላው ትል አይደለም። በአፍ ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ከስኳር አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም የጥርሱን ነጭ ሽፋን ይሸረሽራል። ይህ ሽፋን ከአጥንት ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ጥንካሬው ግን በሰው ሁሉ አንድ አይደለም። ልጅ መልኩን ከወላጆቹ እንደሚወርስ የጥርሱን ሽፋን፣ የመንጋጋውን ስርጕድ፣ አሲዱን የሚያጥበውን ምራቅም እንዲሁ በከፊል ይወርሳል። የወንድማማች ድርሻም ልዩ ልዩ ነው። ሆኖም ውርስ ብቻውን ጥርስን አይበሳም፤ ስኳሩ ሲያንስ አሲዱም ያንሳል።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ታናሹ ከእራት በኋላ ከወንድሙ ይልቅ ረዥም ጊዜ ይፍቃል፤ በቤትም ሌባ የሚለው የለም።