ስለ ሩጫና ስለ ትዕግሥት፤ መንገዱ በተለወጠ ጊዜ

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ ማለዳ ተነሥተህ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ብትቆም፥ ሁለት ወገን ሰዎች ሲያልፉ ታያለህ። አንዳንዶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጸሎት የሚመለሱ ናቸው። ሌሎቹም ወደ ጃንሜዳ ወይም ወደ እንጦጦ ዳገት ለልምምድ የሚሮጡ ወጣቶች ናቸው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ እንጦጦም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ሯጩንም ትንፋሽ ያጥረዋል።

ሐዋርያው ጳውሎስ እነዚህን ሁለት ወገኖች በአንድ ምሳሌ አገናኛቸው። በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 9 ከቁጥር 24 እስከ 27 ክርስቲያንን በሯጭ መስሎ፥ ሥጋውን እንዲገዛና ሩጫውን በከንቱ እንዳይሮጥ አስተማረ። እንግዲህ በዚህ ትምህርት አንድ ነገር እንመርምር። በመልካም የጀመረ ሰው፥ መንገዱ ሳያስበው በተለወጠ ጊዜ ምን ያደርግ ዘንድ ይገባዋል?

1. በአንድ ቀን ሦስት ተጋድሎ

በዘመናችን ትራያትሎን የሚባል ውድድር አለ። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ሦስት ተጋድሎ ማለት ነው። ከዚህ ወገን እጅግ የታወቀው ረጅም ውድድር በ1970 ዓ.ም. በሃዋይ ደሴቶች ተጀመረ። ተወዳዳሪው በመጀመሪያ 3.8 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕር ይዋኛል፤ ከውኃው ወጥቶ 180 ኪሎ ሜትር ያህል በብስክሌት ይጓዛል፤ ከብስክሌቱም ወርዶ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በእግሩ ይሮጣል። ይህን ሁሉ የሚፈጽመው በአንድ ቀን ነው። በባሕሩ ማዕበል ይገጥመዋል፤ በየብሱም ነፋስና ሐሩር ይጠብቀዋል።

የዚህ ውድድር ጭንቅ በርዝመቱ ብቻ አይደለም፤ በመሻገሪያውም ነው። በውኃ የረዳው የክንድ ብርታት በሩጫ ብዙ አይጠቅመውም። ብዙ ሰዓት በብስክሌት የቆየ ሰው ወርዶ መሮጥ ሲጀምር፥ ጉልበቱ እንደ ድንጋይ ይከብደዋል፤ እግሮቹም የሌላ ሰው እግሮች ይመስሉታል። በዚያን ጊዜ በባሕር ባገኘው ብልጫ ቢመካ፥ ወይም በባሕር ስለ ደረሰበት መዘግየት ቢያዝን፥ ሁለቱም አይረዱትም። ጥበቡ በኋላው ያለውን ትቶ በፊቱ ያለውን መያዝ ነው። ይህንንም ሐዋርያው ለፊልጵስዩስ ሰዎች በምዕራፍ 3 ቁጥር 13 አስቀድሞ ነግሮአቸዋል።

የሰው ሕይወት እንዲሁ አይደለምን? ለዚህም ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገንም። ወደዚህ ውድድር ከቶ ያልገባ፥ ነገር ግን መንገዱ ደጋግሞ የተለወጠበት አንድ የአገራችን ሰው አለ።

2. በሮም፤ ያለ ጫማ

አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበረ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ ለኦሊምፒክ የማራቶን ሩጫ ተሰለፈ። የተሰጠው ጫማ ስላልተመቸውና በባዶ እግሩ መሮጥ ልማዱ ስለ ነበረ፥ ጫማውን ትቶ በባዶ እግሩ ሮጠ። ውድድሩ ወደ ማታ ስለ ተጀመረ በመንገድ ሳሉ ጨለመባቸው፤ በጥንታዊው በአፒያ መንገድ ዳር የቆሙ ወታደሮችም ችቦ ይዘው አበሩላቸው። ይህ ሐዋርያው ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም የመጣበት መንገድ ነው፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28ን ተመልከት። አበበም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ ደረሰ። በማግሥቱ በአገራችን እንቁጣጣሽ ነበረ።

ይህ ነገር ለአራዳ ሰው የተለየ ትርጓሜ ነበረው። በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ወታደሮች የአራዳ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን አቃጥለው ነበርና። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ ከዚያ ከወረራ ዘመን የቀረ የኢጣልያ ቃል ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። አበበ በሮጠበት መንገድም በዚያ ዘመን ተዘርፎ የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሯጩ በሐውልቱ አጠገብ አለፈ፤ ያሸነፈውም ሰይፍ ሳይዝ ነው። ክርስቲያን ሆይ፤ በዚህ ተማር። በደልን የምትረሳበት ጊዜ ሁልጊዜ አይመጣልህም፤ ነገር ግን ክፉውን በክፉ ሳትመልስ ሩጫህን ልትፈጽም ትችላለህ። ሮሜ ምዕራፍ 12 ከቁጥር 17 እስከ 21 ይህንኑ ያዝዛል።

3. በቶኪዮ፤ ከሕመም በኋላ

ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ በቶኪዮ ዳግመኛ ተሰለፈ። ከአምስት ሳምንት ያህል በፊት ግን ትርፍ አንጀቱን ታሞ በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ ነበር። በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ሮጠ። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲደርስ፥ ሁለተኛው ከአራት ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውል። ዓለም ሁሉ ያደነቀው ባዶ እግሩን ነበር፤ እርሱ ግን በባዶ እግርነቱ አልታሰረም። ባዶ እግር ጽድቅ አልነበረም፤ ጫማም ኃጢአት አልነበረም። ብዙ ሰው ግን አንድ ጊዜ የተመሰገነበትን ነገር እንደ ጣዖት ይይዛል። በድምፁ የተመሰገነ ዘማሪ ድምፁ ሲደክም ከማኅበር ይርቃል። በገንዘቡ የሚረዳ የነበረ ነጋዴ ኪሱ ሲጐድል ድሆችን መጠየቅ ይተዋል፤ በእጁ ገንዘብ ባይኖርም እግሩ ወደ ታመመው ቤት ሊያደርሰው እንዲችል ይረሳል።

4. በሜክሲኮና ከዚያ በኋላ

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ የሆነው ግን ሌላ ነው። ከተማይቱ 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ስለ ሆነች ብዙዎች ሯጮች ተጨነቁ። አበበም እግሩን ታሞ ነበርና 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ግን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። እንግዲህ ማቆም ሁሉ ስንፍና አይደለም። እውነተኛ ሕመምን ማመን ትሕትና ነው። ኃጢአት የሚሆነው ድካማችንን ለመሸፈን ስንዋሽ፥ በወንድማችንም ድል ስንቀና ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ በመኪና አደጋ ክፉኛ ቆሰለ። በእንግሊዝ አገር ብዙ ታከመ፤ የክንዶቹንም ኃይል መልሶ አገኘ፤ ነገር ግን ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም። በሁለት ታላላቅ ከተሞች የዓለምን ሯጮች ሁሉ የቀደሙ እግሮች ዝም አሉ። እርሱም ድሉ በእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ሆነ መከራውም በእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ሆነ፥ ያንን እንደ ተቀበለ ይህንም እንደሚቀበል መናገሩ ይታወሳል። በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ወረወረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሸርተቴ ተወዳደረ። እግሩ ሲከለከል በክንዱ ተጋደለ ማለት ነው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ፤ መቃብሩም በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ነው።

5. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

የአራዳ ተማሪ ሆይ፤ በመልካም ጀምረህ ይሆናል። ማልደህ ትነሣ ነበር፤ ትጸልይ፥ ታነብ፥ ወላጆችህንም ታከብር ነበር። ከዚያም ፈተናው አልቀናህም፤ ወይም አባትህ ሞተው የቤቱ ሸክም በአንተ ላይ ወደቀ፤ ወይም ተወልደህ ያደግህበት ሰፈር ፈርሶ ጎረቤቶችህ ተበተኑ። ያን ጊዜ ፈታኙ ወደ አንተ ቀርቦ፥ ሩጫው አለቀ፤ ና፥ ኀዘንህን በመጠጥ ቤት እርሳ ይልሃል። ይህ ውሸት ነው። ያለቀው መዋኘቱ ነው፤ ሩጫው ገና ነው።

በማለዳ ከጸሎት ሲመለሱ ያየሃቸውን አረጋውያን አስብ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በወጣትነታቸው ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ይጸልዩ ነበር። ዛሬ ጉልበታቸው ስለ ከዳቸው በደጁ ተቀምጠው ይጸልያሉ። መቆማቸው ቀርቶአል፤ ጸሎታቸው ግን አልቀረም። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም የእምነታችን ጀማሪና ፈጻሚ ሆኖ በፊታችን ስለ ሮጠ፥ ዕብራውያን ምዕራፍ 12 ወደ እርሱ እንድንመለከት ያዝዘናል። በእግራችን ብንታመን እግራችን ይደክማል፤ በእርሱ ብንታመን ግን በቀረልን ነገር፥ ትንሽም ቢሆን፥ እንሮጣለን።

የምርመራ ጥያቄዎች

1ኛ. ሰዎች ያመሰገኑህ በምን ነገር ነው? ያ ነገር ነገ ቢወሰድብህ ለእግዚአብሔር ምን ይቀርልሃል?

2ኛ. በእውነተኛ ድካምና በስንፍና መካከል ያለውን ልዩነት በራስህ ሕይወት እንዴት ትለየዋለህ?

3ኛ. አንተ ያቋረጥኸውን ሩጫ ወንድምህ ቢፈጽመው ከልብህ ደስ ይልሃልን?

4ኛ. መንገዱ የተለወጠበት ጎረቤት ወይም ባልንጀራ አለህን? በዚህ ሳምንት ሄደህ ጠይቀው።

ሩጫውን ለመጀመር ኃይል የሰጠን አምላክ፥ በመሻገሪያው እንዳንወድቅ ይርዳን። አሜን።